ከመፍረሱ በፊት በምን እንደሚተካ ንገሩን፦ በጅማ ስለ ግንባታ ለምትወስኑ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በጅማ መንገድና ሕንፃ ላይ ለምትወስኑ ሁሉ ነው። ፕላን ለምትነድፉ፣ ፈቃድ ለምትፈርሙ፣ ገንዘባችሁን ለምታፈሱ ባለሀብቶች፣ ነገ ቦታውን ለምትረከቡ የአርክቴክቸርና የምህንድስና ተማሪዎች። በግልጽ ያደረግኩት ደግሞ የከተማችን ሰው ሁሉ አንብቦ የራሱን እንዲጨምርበት ነው።

ልመናዬ አጭር ነው። አንድ ነባር ቤት ከመፍረሱ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት በቦታው ምን እንደሚመጣ ይነገረን። ንድፉን እንየው። ምክንያት የማቅረቡም ግዴታ በሚያፈርሰው ላይ ይሁን። በየከተማው እንደማየው አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ማስረጃ አምጣ የሚባለው «ይቆይ» የሚለው ሰው ነው። «ይፍረስ» ለሚለው ግን «ልማት ነው» ማለት ይበቃዋል።

ሐሳቡ ከኔ የፈለቀ አይደለም። ሮጀር ስክሩተን ከሚባል እንግሊዛዊ ወግ አጥባቂ ፈላስፋ ነው ያገኘሁት። በሁሉም ነገር አልስማማውም፤ የማልስማማበትንም እነግራችኋለሁ። ስለ ሰፈርና ስለ ቤት የጻፈውን ሳነብ ግን ጅማን አይቶ የጻፈው ይመስለኛል። ስለዚህ ታገሱኝና መጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። የእሱን ዘመን የማስቀምጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ስክሩተን በ1944 ተወለደ። ያደገው ከለንደን ወጣ ብላ በምትገኝ ሃይ ዊኮምብ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ጃክ ከማንቸስተር የድሆች ሰፈር የወጣ መምህር ነበር። የለየለት ሶሻሊስት ነው፤ ባላባት የሚባል ዓይኑ እንዲያይ አይፈልግም። ግን ይኸው ሰው የከተማዋ ነባር ቤቶች እንዳይፈርሱ፣ ዙሪያዋ ያለው ገጠር በኮንክሪት እንዳይዋጥ ሲሟገት ኖረ። የሃይ ዊኮምብን ማኅበር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። አባት ግራ ዘመም፣ ልጅ ቀኝ ዘመም። በፖለቲካ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ልጁ ካምብሪጅ መግባቱን ሲያበስር አባትየው ደስ ከማለት ይልቅ አኮረፈ፤ ማነጋገሩንም ተወ። ሆኖም በአንድ ነገር ተስማምተዋል። የሰው ሰፈር ዝም ብሎ አይፈርስም። እንግዲህ ዛሬ የማነሣውን ጉዳይ የአንድ ፓርቲ ወይም የአንድ ወገን ጉዳይ አድርጋችሁ አትዩብኝ።

ስክሩተን መስመሩን የለየው በ1968 ነው። ያን ግንቦት ፓሪስ ነበር። ተማሪዎች መኪና ይገለብጣሉ፣ የመንገድ ድንጋይ እየነቀሉ ፖሊስ ላይ ይወረውራሉ፣ የሱቅ መስታወት ይሰባበራል። እሱ መስኮቱ ላይ ቆሞ ያያል። ከግርግሩ የተመለሰች አንዲት ጓደኛው ስትመጣ ጠየቃት። ይህን የምትጠሉትን ሥርዓት ካፈረሳችሁ በኋላ በምን ልትተኩት ነው? መልስ ብላ የሰጠችው የፈረንሳዊውን ፈላስፋ የሚሼል ፉኮን መጽሐፍ ነበር። በዚያን ጊዜ እሱ ከሚያፈርሱት ሳይሆን ከሚጠብቁት ወገን መሆኑ እንደገባው በኋላ ጽፏል።

ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ1966ቱ አብዮት በፊት ተማሪው «መሬት ላራሹ» ሲል ጥያቄው እውነተኛ ነበር። ጭሰኛው በእርግጥ ተበድሏል። ያንን ግፍ ይቆይ የሚል ሰው ቢኖር አልተባበረውም። ግን የድሮው ከወደቀ በኋላ ምን ይምጣ የሚለውን በቅጡ ሳንነጋገርበት ቀረ። ከዚያ የተከተለው ስንቱን ቤት እንደዘጋ ጅማም ጎንደርም አዲስ አበባም ያውቁታል።

ወደ ስክሩተን ልመለስ። ከ1971 እስከ 1992 ለንደን ውስጥ በርክቤክ ኮሌጅ አስተማረ። በርክቤክ ቀን ሥራ ውለው ማታ ለሚማሩ ሰዎች የቆመ ኮሌጅ ነው። እዚያው እያስተማረ ሕግ አጥንቶ የጠበቃ ማዕረግ አገኘ። በ1979 ስለ ሥነ ሕንፃ ውበት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ደግሞ ሕይወቱን የቀየረ ጉዞ አደረገ። ፕራግ ሄደ።

ቼኮዝሎቫኪያ ያን ጊዜ በኮሚኒስት መንግሥት ሥር ናት። ከሥራ የተባረሩ ምሁራን ሳሎናቸው ውስጥ ሰው ሰብስበው ያስተምራሉ። አንዱ ዩልዩስ ቶሚን የሚባል ፈላስፋ ነበር። ስክሩተን ተጋብዞ ቤቱ ሲደርስ ደረጃው ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ቶሚን ሊቀበለው ወጣ። ጭቅጭቅ ተነሣ። ቶሚንን ገፍትረው በደረጃው ጣሉት። በግርግሩ መሐል ስክሩተን ፖሊሶቹን አልፎ ገባ። ውስጥ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንድ የውጭ አገር መምህር ስለ ፍልስፍና ሲያወራ ለመስማት ነበር ያን ሁሉ አደጋ የተቀበሉት።

ከዚያ በኋላ እሱና ባልደረቦቹ በጥንቱ የቼክ የሃይማኖት ተሐድሶ መሪ በያን ሁስ ስም የትምህርት ድርጅት አቋቋሙ። መጻሕፍት በድብቅ ያስገባሉ፣ መምህራን ይልካሉ። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እነዚያ የሳሎን ተማሪዎች ተፈትነው በሥነ መለኮት ዲፕሎማ እንዲያገኙ ፈቀደ። ስክሩተን በ1985 ብርኖ ከተማ ላይ ተይዞ ከአገር ተባረረ። ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ፣ በ1998፣ ፕሬዚዳንት ቫትስላቭ ሃቨል የክብር ሜዳልያ ሰጡት።

ይህን በሰፊው ያወራሁት በምክንያት ነው። በዚያ አገር ማኅበሩ፣ ክበቡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሁሉም በመንግሥት እጅ ገብቶ ነበር። የቀረው ሳሎን ብቻ ነው። ሰዎቹ ግን በዚያች ሳሎን ሰው ሆነው ቆዩ። ስክሩተን ከዚያ በኋላ በጻፈው ሁሉ ይህን አልረሳም። አንድ ሕዝብ የሚቆመው ከላይ በተሰጠው መመሪያ ሳይሆን ሰው ከሰው ጋር ራሱ በፈጠራቸው ትናንሽ ነገሮች ነው ይላል።

መምህሩ ኤድመንድ በርክ ነው። በርክ አየርላንድ ውስጥ ደብሊን ተወልዶ በለንደን ፓርላማ ለረጅም ዘመን የተቀመጠ ሰው ነው። የፈረንሳይ አብዮት በፈነዳ በዓመቱ፣ በ1790፣ ስለ አብዮቱ የጻፈው መጽሐፍ እስካሁን ይነበባል። እዚያ ላይ ኅብረተሰብ በሕይወት ባሉት መካከል ብቻ የተደረገ ውል አይደለም ይላል። የሞቱትም፣ ገና ያልተወለዱትም አሉበት። አገርን መውደድ የሚጀምረውም አጠገባችን ካለችው ትንሽ ስብስብ ነው ይላል።

እውነቱን ለመናገር ይህን ለመማር እስከ አየርላንድ መሄድ አያስፈልገንም። እድር አለን። ጅማ ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመጣው፣ ንፍሮ የምትቀቅለው ማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ማንም ስም አይጠራም። ሙስሊሙ የክርስቲያን ጎረቤቱን ይሸኛል፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን። ይህ በደብዳቤ ቁጥር አይቋቋምም። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ከአቦል እስከ በረካ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠጣ ነው የሚበቅለው። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በአራት አቅጣጫ ሲበተን ቤቱ በካሳ ይተካ ይሆናል። እድሩ ግን የካሳው ዝርዝር ውስጥ የለም። ለባለሙያዎቻችን አንድ ነገር ማስታወሻ ላይ ማስያዝ ቢፈቀድልኝ ይህን አስይዝ ነበር። የግድ መነሣት ካለ እንኳ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አንድ ላይ ይነሣ፣ አንድ ላይም ይግባ።

አሁን ወደ ሕንፃው እንምጣ።

ስክሩተን የሚለው ቀላል ነው። ሥዕል ካልወደዳችሁ አታዩትም። ዘፈን ካልጣማችሁ ትዘጉታላችሁ። ሕንፃ ግን መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ባለቤቱ አንድ ሰው ነው፤ ተመልካቹ ግን ከተማው በሙሉ ነው። ስለዚህ ቤት ሠሪ ለአላፊ አግዳሚው ይሉኝታ ሊኖረው ይገባል። ሕንፃውም በቁመቱ፣ በመስመሩ፣ በመስኮቱ ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ ይቁም። ለዚህ ደግሞ ስመ ጥር አርክቴክት አያስፈልግም። የድሮዎቹን መልካም መንገዶች በአብዛኛው የሠሯቸው ስማቸው ያልተጻፈ አናጢዎችና ግንበኞች ናቸው። ከአባቶቻቸው የወረሱት መጠን ነበራቸው፤ ያንን ጠበቁ።

በ2009 ለቢቢሲ ስለ ውበት አንድ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ ነበር። ካደገበት ብዙም በማትርቀው ሬዲንግ ከተማ ቆሞ በ1960ዎቹ ነባሩ ተንዶ የተሠሩትን ቢሮዎች ያሳያል። ባዶ ናቸው፣ ታሽገዋል። ጥቅም ይቅደም ተብለው የተሠሩ ነበሩ። ማንም ሊውልባቸው ስላልወደደ ጥቅማቸውም አብሮ ቀረ። ውበቱ ታስቦበት የተሠራ ቤት ግን የመጀመሪያ ሥራው ቢያበቃ እንኳ ሌላ ሥራ አያጣም።

ለዚህ ምስክር ከፈለጋችሁ ጅሬን ውጡ። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ አለ። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዙ። የጅማ ንጉሥነት ካበቃ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆነ። ቤቱ ግን ሥራ አልፈታም። በእንጨትና በጭቃ የቆመውን ያንን ፎቅ፣ ዙሪያውን የከበበውን የእንጨት በረንዳ ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣል። አጠገቡ ባለው መስጊድ ዛሬም ይሰገዳል። ያ የእንጨትና የጭቃ ቤት ለስንት ትውልድ ተረፈ።

ቤተ መንግሥቱን የሚያፈርስ የለም፤ እሱን እናውቃለን። አገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አላት። እኔን የሚያሳስበኝ ማንም ቅርስ ብሎ የማይጠራው ተራው ቤት ነው።

እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ያሉትን አሮጌ ሱቆች አስቡ። ቆርቆሮው ከግድግዳው አልፎ እግረኛው መንገድ ላይ ወጥቷል። የተሸከሙት የእንጨት ምሰሶዎች ናቸው። ምሰሶውን በትከሻ ከፍታ ላይ ዳስሱት። ለስልሷል፤ ሰው ሲደገፈው ነው የኖረው። የበሩ ደረጃ መሐሉ ጎድጉዷል። ልብስ ሰፊው መኪናውን በረንዳው ላይ አውጥቶ ይሰፋል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ የለውም። መጣ ሲል ሰፊው መኪናውን አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ይስባል፣ ጠብታው የት እንደሚያርፍ ያውቀዋላ። ያን ጊዜ መንገደኛው ሁሉ እዚያች በረንዳ ሥር ይገባል። ሊስትሮው፣ ቆሎ ሻጯ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ ባጃጅ ያጣ ሰውዬ። ቆርቆሮው እየጮኸ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ያወራል። የቡና ዋጋ ይነሣል፣ የታመመ ይጠየቃል። ባለሱቁ ማንንም «ውጣልኝ» አይልም።

አሁን በዚያው ቦታ ባለ መስታወት ሕንፃ አስቡ። ፊቱ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው። ጥላ የለውም። ዝናብ ሲመጣ የሚጠለሉበት ጠርዝ የለም። ደረጃው የሚያንሸራትት ግራናይት ነው። ቆም ስትሉ ዘበኛው «እልፍ በሉ» ይላችኋል። ዘበኛው ምን ያድርግ፣ ቤቱ ራሱ ነው እልፍ በሉ የሚለው። በከሰዓት ፀሐይ ደግሞ ውስጡ ይግላል። በመስታወት የተሸፈነ ሕንፃ ለእኛ አየርና ለእኛ ዝናብ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ሌላ ቦታ ስለታየ ብቻ ነው የሚደገመው።

አዲስ አትሥሩ አላልኩም። ከፍ ያለ ሥሩ፣ ጠንካራ ሥሩ፣ ግን በረንዳ ይኑረው። ምድር ቤቱ ለትንሽ ሱቅ ይሁን። በዚህ ከተማ ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ፈልፍለው የሚያወጡ እጆች አሉ። የጅማ በርጩማ አገር ያወቀው ነው። እንዲህ ያለ ሙያ አጠገባችን እያለ የአዲሱ ሕንፃ በርና መከታ ሁሉ አንድ ዓይነት አሉሚኒየም መሆኑ ያንገበግበኛል። አንድ ባለሀብት መግቢያውን ብቻ እንኳ ለጅማ አናጢ ቢሰጥ ሕንፃው የት ከተማ እንደቆመ በታወቀ ነበር።

ዛፉም እንደዚያው ነው። ቡና ያለማ ሰው የጥላ ዛፉን ሳያስብ አይቆርጥም። ቆርጦ የተጸጸተ እንኳ ቢኖር በማግሥቱ ሊተካው አይችልም፤ ቡናው እስከዚያ ይጠወልጋል። ስክሩተን ደጋግሞ የሚለውም ይህንኑ ነው። መልካም ነገር ለማፍረስ ቀላል፣ ለመሥራት ግን አስቸጋሪ ነው። የማፍረሱ ሥራ ፈጣንና ደስ የሚል፣ የመሥራቱ ግን አዝጋሚና አድካሚ ነው። የማስረዳቱ ግዴታ በአፍራሹ ላይ ይሁን ያልኩትም ለዚህ ነው።

አሁን የሚቃወሙኝን ልስማ። ጠንካራ ናቸው።

አንዱ፣ «ድሃ ቅርስ አይበላም» ይላል። ልክ ነው። ሽንት ቤት በሌለው፣ ጣሪያው በሚያፈስ የቀበሌ ቤት ልጅ የምታሳድግ እናትን «ቤትሽ ታሪክ ነው» ማለት ግፍ ነው። እሷ የሚያስፈልጋት ውኃ፣ ፍሳሽ፣ ደረቅ ወለል ነው። እኔም ይህ ይቅር አልልም። ግን ቱቦ ለማስገባት ሰፈር መናድ የግድ አይደለም። ቤቱን ጠግኖ ሽንት ቤት መጨመር ይቻላል። ብዙ ጊዜ ወጪውም ያንሳል፣ ሰውየውም ከእድሩ አይለይም። ጥገናው በእርግጥ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ባለሙያ መጥቶ የማይቻልበትን ምክንያት ለሰፈሩ ያስረዳ። ሰው ሲያስረዱት ይገባዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ያለፈውን ስታወድስ ያለፈው ሁሉ መልካም ነበር ወይ?» የሚል ነው። አልነበረም። ሂርማታ ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ የምንገበያይበት ስም ያለው ገበያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ያው ገበያ ሰው ከሚሸጥባቸው ትላልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ቡናና ማር በሚመዘንበት ስፍራ የሰው ልጅ በዋጋ ተለውጧል። ስለ ጅማ ነባር ክብር የሚያወራ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ የለበትም። በርክም ቢሆን ነባር ነው ብሎ ሁሉን አልጠበቀም። የባሪያ ንግድን ለመገደብና ቀስ በቀስ ለማጥፋት የሕግ ረቂቅ ያዘጋጀ ሰው ነው። ራሱን የማሻሻያ መንገድ የሌለው መንግሥት ራሱን ማቆየትም አይችልም ብሎ የጻፈውም እሱ ነው። ወግ አጥባቂነቱን የማከብረው በዚህ ነው። ክፉውን ቆርጦ ይጥላል፤ ክፉውን ሲቆርጥ ግን ደጉን አብሮ እንዳይቆርጥ እጁን ይጠብቃል። ገበያውን አላጠፋነውም፤ ሰው መሸጥን ነው ያጠፋነው። ገበያው ቆየ፣ ከተማም ሆነ።

ስለ ስክሩተን ራሱም የማልወደውን ልናገር። በ2002 ከአንድ የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ በወር 4,500 ፓውንድ እየተከፈለው፣ ጭማሪም እየጠየቀ፣ ትምባሆን የሚደግፉ ጽሑፎች ለማውጣት መዋዋሉ ተጋለጠ። ስለ እውነትና ስለ ውበት ለሚያስተምር ሰው የሚያሳፍር ሥራ ነው። ስለ እስልምናም የጻፋቸው አንዳንድ ነገሮች ጨካኝ ናቸው። አዛንና ቅዳሴ በአንድ ንጋት በሚሰማበት ከተማ ለሚኖር ሰው ያ አነጋገር አይዋጥም። ጅማ ውስጥ ሙስሊሙ እንግዳ አይደለም፤ ከተማዋን የሠራ ነው። ስክሩተን ስለ ጎረቤትነት የጻፈውን በልኩ ቢከተል ኖሮ እዚያ ላይ ራሱን ያርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ሥራው ግን ለእናንተ ለባለሙያዎቹ በቀጥታ ይጠቅማል። በ2018 የእንግሊዝ መንግሥት ስለ አዳዲስ ቤቶች ውበት የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁሞ ሰብሳቢ አደረገው። በሚያዝያ 2019 አንድ መጽሔት ባወጣው ቃለ ምልልስ ምክንያት ተባረረ። መጽሔቱ ንግግሩን በትክክል እንዳላቀረበ ታወቀና ይቅርታ ጠየቀ፤ እሱም በሐምሌ ወደ ቦታው ተመለሰ። ያን ጊዜ ካንሰር ይዞታል። በጥር 12 ቀን 2020 በ75 ዓመቱ ሞተ። ሪፖርቱ የወጣው በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ነው።

ሪፖርቱ የሚለው ለሀብታም አገር ብቻ አይሆንም። ውበትን ጠይቁ፣ አስቀያሚውን እምቢ በሉ፣ የተሠራውን ተንከባከቡ ይላል። መንገዶች በዛፍ ይሞሉ፣ እያንዳንዱ አዲስ ቤት አንድ የፍሬ ዛፍ ይኑረው ይላል። ይህን ሳነብ ጓሯችንን አሰብኩ። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ አጥሩ ሥር ያሉት ሁለት ሦስት የቡና እግሮች። እነሱ በኮሚሽን የደረሱበትን የጅማ ሰው ያለ ኮሚሽን ሲኖረው ኖሯል። አዲሱ ግቢ ግን ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ነው። ዝናቡ የሚሰርግበት መሬት ስለሌለው ወደ መንገድ ይወርዳል፣ ከመንገድ ወደ አዌቱ ወንዝ።

ስለ አዌቱም አንድ ነገር ልበል። ስክሩተን በ2012 ስለ አካባቢ ጥበቃ በጻፈው መጽሐፍ ወንዝንና ጫካን ከሩቅ የሚመጣ ትእዛዝ ብቻውን አያድነውም ይላል። የሚያድነው ቦታውን ቤቴ ነው የሚል ሰው ነው። አዌቱ ከተማችንን መሐል ለመሐል አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ዳሩን ማጽዳትና ማስዋብ እሰየው የሚያሰኝ ሥራ ነው፤ የሚሠራውን ሁሉ እጁን ይባርከው። ነገር ግን በወንዙ ዳር የኖሩት ሰዎች ሥራው ውስጥ ይግቡ። ዛፍ ሲተከል ይትከሉ፣ ቆሻሻ ሲጣል ይከልክሉ፣ የማይሆነው ሲደረግ ይናገሩ። ወንዙን የሚያዩት በሪባን ቆረጣ ቀን ብቻ ከሆነ በማግሥቱ ተመልሶ ፍሳሽ መሆኑ አይቀርም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ሊፈርስ የታሰበ ሰፈር ሲኖር ቀይ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የአዲሱ ንድፍ በወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጻፍበት። ቁመቱ ስንት፣ በረንዳ አለው ወይስ የለውም፣ የትኛው ዛፍ ይቀራል፣ የእድሩ ቤት ወዴት ይሄዳል፣ ይህ ይታይበት። ሰው አስተያየት የሚሰጥበት በቂ ጊዜ ይኑር፤ የተሰጠውም ይመለስለት፣ ተቀባይነት ያላገኘውም ምክንያቱ ይነገረው።

የአርክቴክቸር ተማሪዎች ደግሞ አንድ ውለታ ዋሉልን። ቅዳሜና እሑድ ሜትርና ደብተር ይዛችሁ ፈረንጅ አራዳ፣ መርካቶና መንደራ ዙሩ። ነባሮቹን ቤቶች ለኩ፣ ሣሉ፣ ፎቶ አንሡ። አናጢው ምሰሶውን ከግርግዳው በስንት ክንድ እንዳራቀ፣ ጣሪያው በምን ያህል እንዳዘነበለ መዝግቡ። የቤቱን ታሪክ የሚያውቁት እማማና አባባ ገና አሉ፤ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ቡና አፍልተው ያወሯችኋል። እንዲህ ያለ መዝገብ ካለን የሚፈርሰው ቢፈርስ እንኳ ቀጣዩ ሠሪ የሚያየው ነገር ይኖረዋል።

ባለሀብቶችም አንድ ቀን በዝናብ ጊዜ ሕንፃችሁ ደጃፍ ላይ ቁሙና ሰዉ የት እንደሚጠለል እዩ። መጠለያ ከሌለው ቆርቆሮ በምሰሶ ላይ ማውጣት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከመጪው ክረምት በፊት ሊደርስ የሚችል ሥራ ነው።

ንድፉ የተለጠፈ ቀን እኛም መጥተን እናየዋለን። የሚደነቀውን እናደንቃለን፣ የሚጎድለውን እንናገራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጅማ ነዋሪ